ዓሣው አልሞተም፤ ታዲያ እንቁላሉ የት ሄደ?

ጥያቄው ከወረታ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «አባቴ ጉማራ ወንዝ ጣና የሚገባበት አካባቢ መረብ ይጥላል። አጎቴ እዚያው ፎገራ በመስኖ ሽንኩርት ያመርታል። አባቴ ‹ነጭ ዓሣው እንቁላል መያዝ ተወ፤ ያንተ መድኃኒት አመከነው› ይለዋል። አጎቴ ደግሞ ‹መድኃኒቱ ደርሶበት ቢሆን ሞቶ ይንሳፈፍ ነበር፤ የሞተ ዓሣ የት አየህ?› ይላል። ማን ነው ትክክል? ፀረ-ተባይ ሆርሞን የሚያመርቱትን ሴሎች ይጎዳል ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንዴት ነው የሚጎዳው? ዓሣውን የምንበላው እኛስ?»

ወንድሜ፣ ከአጎትህ ልጀምር። ዓሣ ሞቶ አለመንሳፈፉ መድኃኒቱ አልነካውም ማለት አይደለም። ዓሣ የሚገድል መጠንና የዓሣን ሆርሞን የሚያዛባ መጠን የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል። የአባትህ ክስም ቢሆን እንዳለ የሚዋጥ አይደለም። እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ካናዳ ውስጥ አንድ ትንሽ ሐይቅ ላይ የተደረገ ሙከራ ለአጎትህ ጥሩ መልስ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ድረስ በየዓመቱ ሐይቁ ውስጥ ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን፣ ማለትም የሴት ሆርሞን፣ ጨመሩ። ፀረ-ተባይ አልነበረም፤ በወሊድ መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለው ዓይነት ነው። መጠኑ በአንድ ሊትር ውኃ 5 እና 6 ናኖግራም አካባቢ ነበር። ናኖግራም ማለት የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ፕሮቲን በደማቸው ይዘው ተገኙ። ፋትሄድ ሚኖ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ከሐይቁ ጨርሶ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ውኃው ውስጥ የሚገድል መርዝ አልነበረም። መራባቱ ነው የቆመው።

አሁን ወደ ሴሎቹ እንሂድ። ከዓሣው አንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል በጣም ትንሽ ዕጢ አለች። በሰው ላይ አንጎል ለዚህች ዕጢ ትእዛዝ የሚልከው በአመዛኙ በቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። በአጥንታም ዓሦች ግን የአንጎሉ ነርቮች ራሳቸው ዕጢዋ ውስጥ ዘልቀው ይገባሉ። እኔን ነርቭ ላይ የሚሠራ ፀረ-ተባይ ሁሉ የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው። ማላታይን፣ ክሎርፒሪፎስና ፕሮፌኖፎስ የነርቭ መልእክት የሚያጠፋውን ኢንዛይም ያግዳሉ። ነርቩ ሲታወክ ዕጢዋም አብራ ትታወካለች።

ፒቱታሪ ውስጥ ለመራባት የሚሠሩ ሁለት ዓይነት ሴሎች አሉ። አንዱ ኤፍኤስኤች የሚባለውን ሆርሞን፣ ሌላው ኤልኤች የሚባለውን ያመርታል። ሰው ላይ አንድ ሴል ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል። ዓሣ ላይ ግን በአብዛኛው ለየብቻ ናቸው። ኤፍኤስኤች እንቁላሉ ማደግ እንዲጀምር ያደርጋል። ኤልኤች ደግሞ መጨረሻ ላይ መጥቶ እንቁላሉ እንዲበስልና እንዲወጣ ያዝዛል። አባትህ የሚይዙት ነጭ ዓሣ የካርፕ ዘመድ ነው። በዚህ ዘመድ ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ኤልኤች ላይ ፍሬን ይይዛል። ዓሣ የሚያራቡ ባለሙያዎች ኦቫፕሪም የሚባለውን መርፌ የሚወጉት ለዚህ ነው። መርፌው ውስጥ ኤልኤች እንዲወጣ የሚገፋ አለ፤ የዶፓሚንን ፍሬን የሚያስለቅቅም አለ። ያለ ሁለተኛው የመጀመሪያው ብዙ አይራመድም። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሚዛን በአንጎልና በዕጢዋ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ የቆመ ነው።

ህንድ ውስጥ በአምባዛ መሰል ዓሦች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የቆየ ምርምር አለ። ዓሣውን በማይገድል የማላታይን ወይም የሌላ ፀረ-ተባይ መጠን ውስጥ ያቆዩታል። ከዚያ ፒቱታሪውን ቆርጠው፣ ቀለም አንክረው በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ኤልኤችና ኤፍኤስኤች የሚያመርቱት ሴሎች ይሟሽሻሉ። ሆርሞኑ የሚጠራቀምባቸው ጥቃቅን ፍሬዎች ያንሳሉ። ሴሉ ውስጥ ባዶ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ዓሣው ግን ይዋኛል፣ ይበላል። በመረብ ብትይዘው ጤነኛ ነው ብለህ ትሸጠዋለህ።

ከፒቱታሪ ቀጥሎ ያለው ጣቢያ እንቁላሉ ራሱ ነው። እያንዳንዱን እንቁላል ሁለት ዓይነት ሴሎች ይከቡታል። ውጨኛው ቴስቶስትሮን ይሠራል። አዎ፣ ሴት ዓሣ ውስጥ! ውስጠኛው አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም ያንን ቴስቶስትሮን ኢስትራዲዮል ወደሚባል የኢስትሮጅን ዓይነት ይለውጠዋል። ኢስትራዲዮሉ በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል። ጉበቱ ቪቴሎጄኒን የሚባል ፕሮቲን ያመርታል። የእንቁላሉ አስኳል የሚሠራው ከዚህ ነው። ይህ ሰንሰለት አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ እንቁላሉ አይሞላም። ያልሞላ እንቁላል ደግሞ ተመልሶ ይሟሟል፤ የዓሣው አካል ይውጠዋል።

እዚህ ላይ ሰው ብዙም የማይጠረጥረው ኬሚካል አለ። ለስንዴ ዋግ የሚረጩት ፕሮፒኮናዞልና ቴቡኮናዞል የተሠሩት የፈንገሱን አንድ ኢንዛይም ለማገድ ነው። ያ ኢንዛይምና አሮማቴዝ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ፕሮክሎራዝ የሚባለው የእነዚሁ ወገን የሆነ ፀረ-ፈንገስ ዓሣ ላይ ተሞክሮ ኢስትራዲዮሉ ወርዷል፣ ቪቴሎጄኒኑ ወርዷል፣ የሚጥሉት እንቁላልም ቀንሷል። ሰው «ይሄ እኮ የፈንገስ ነው፣ ነፍሳት እንኳ አይገድልም» ብሎ ይዘናጋል። እኔ ግን የዓሣ መራባትን ጉዳይ ስመረምር ከነፍሳት መድኃኒት እኩል እነዚህን እጠይቃለሁ።

ዲዲቲ ሌላ መንገድ ነው የሚጠቀመው። ሴሎቹን ሳይጎዳ ራሱ ሆርሞን መስሎ ይገባል። ሰው ስልክህን አንስቶ በአንተ ድምፅ ለደዋዩ «እሺ፣ ቀጥል» ቢለው እንደማለት ነው። በዲዲቲ ውስጥ ያለው አንዱ ዓይነት ኢስትሮጅን መስሎ ይሠራል። ሜዳካ በሚባለው ትንሽ የጃፓን ዓሣ እንቁላል ውስጥ ሲወጋ፣ በዘሩ ወንድ የነበረው ፅንስ ሴት ሆኖ አድጓል። ዲዲቲ ሲፈርስ የሚተርፈው ዲዲኢ ደግሞ የወንድ ሆርሞን የሚቀመጥበትን ቦታ ይዘጋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው የታወቀው። ዲዲቲ በአገራችን ለወባ መከላከያ ለአሥርተ ዓመታት በየቤቱ ተረጭቷል። ከዚያ ሾልኮ ጫት ላይ ሲረጭ እንደኖረ ደግሞ የአደባባይ ምስጢር ነው። በአፈርና በደለል ውስጥ ዓመታትን ይቆያል።

ስለ ጭንቅ ቀን ሆርሞኑ ስለ ኮርቲዞልም ልንገርህ፤ ይህኛው ይረሳል። ዓሣ እንደ እኛ ኩላሊቱ ላይ የተቀመጠ ራሱን የቻለ አድሬናል ዕጢ የለውም። ኮርቲዞል የሚያመርቱት ሴሎች በኩላሊቱ የፊተኛ ክፍል ውስጥ ተበታትነው ነው ያሉት። ካናዳ ውስጥ እነዚህን ሴሎች ከትራውት ዓሣ አውጥተው አራት የእርሻ ኬሚካሎች ሞከሩባቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ። ኢንዶሰልፋን ከሁሉም ከፋ፤ ዳያዚኖን ተከተለው፤ ከዚያ የፈንገስ መድኃኒቱ ማንኮዜብ። አራተኛው አትራዚን የሚባለው የአረም መድኃኒት ነው። እንቁራሪትን ይጎዳል ተብሎ ስሙ የጠፋው አትራዚን እነዚህን ሴሎች አልነካቸውም። ስለዚህ «ኬሚካል ሁሉ አንድ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። እያንዳንዱ የሚመታው ቦታ አለው። ኮርቲዞል የማያመነጭ ዓሣ ምን ይሆናል? በደህና ቀን ምንም። ጎርፍ መጥቶ ኦክስጅን ሲያንስ፣ ወይም ሽቅብ ወንዝ መውጣት ሲኖርበት ግን አቅም ያጣል። ለጭንቅ ቀን የሚያስፈልገው ሆርሞን የለማ።

የታይሮይድ ሴሎችን በአጭሩ ልለፋቸው። እነሱም ዓሣ ውስጥ አንድ ዕጢ ሆነው አልተሰበሰቡም፤ ከስንጥቡ በታች በዋናው የደም ሥር ዙሪያ ተበትነዋል። ሽንኩርት ላይ የሚረጨው ማንኮዜብ ሲፈርስ የሚወጣው ንጥረ ነገር የታይሮይድ ሆርሞን የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል። ይህ ትልቁን ዓሣ ብዙ ላያስቸግረው ይችላል። ገና ተፈልፍሎ ቅርጹን ለሚለውጠው ጫጩት ግን የታይሮይድ ሆርሞን የግድ ነው።

ቱ-ፎር-ዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒትም ሰው ይጠይቀኛል። «እሱ ሆርሞን ነው ይባላል» ይሉኛል። ልክ ነው፣ የተክል ሆርሞን አስመሳይ ነው። ከዓሣ ሆርሞን ጋር ግን ዝምድና የለውም። እኔን ከላይ ከጠቀስኳቸው ያነሰ ነው የሚያሳስበኝ።

አሁን ወደ ጣና። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ጊዜው ነው፤ ምን ያህል መድኃኒት ወረደ ከሚለው በላይ መቼ ወረደ የሚለው ይበልጣል።

ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ሌላ የትም የሉም። ከእነሱ ሰባት ያህሉ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ላይ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ጉማራን፣ ርብን፣ ግልገል ዓባይንና መገጭን የመሳሰሉ ወንዞች ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ። ከዚያ ጠጠር ባለበት፣ ውኃው በሚፈስበት ገባር ላይ ይጥላሉ። ኤልኤች በኃይል መውጣት ያለበት በእነዚህ ሳምንታት ነው። ሴሎቹ በዚያን ጊዜ ከተዘጉ፣ ኋላ ላይ ቢከፈቱም ዋጋ የለውም። ቤተ ሙከራ ውስጥ እንደታየው መድኃኒቱ ሲነሳ ሴሎቹ ብዙ ጊዜ ያገግማሉ፤ እንዲያውም ገና መድኃኒቱ ውስጥ ሳሉ ሰውነቱ ለማካካስ ይሞክራል። ጥቅምት ላይ ያገገመ ዓሣ ግን ወንዙ ጎድሎ ይጠብቀዋል። የዓመቱ ዕድል አለፈው ማለት ነው።

በዚህ ዓይን የአጎትህን ሽንኩርት እንየው። የመስኖ ሽንኩርት የሚረጨው በበጋ ነው። ነጭ ዓሣው ያኔ ሐይቁ ውስጥ ነው ያለው። ጣና ደግሞ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህል ውኃ ነው፤ ያቀጥነዋል። ማንኮዜብና ማላታይን ውኃ ውስጥ ሲገቡ ቶሎ ይፈርሳሉ፤ እስከ ክረምት አይቆዩም። ስለዚህ «የበጋው ሽንኩርት ክረምት የሚወጣውን ነጭ ዓሣ አመከነ» ለማለት መንገዱ ረዘም ይላል። ከአፈር ጋር ተጣብቆ የቆየው ግን በመጀመሪያዎቹ የሰኔ ጎርፎች ይታጠባል። የክረምቱ ርጭት፣ ላይኛው ተፋሰስ ላይ በበቆሎና በስንዴ የሚረጨው፣ ከዓሣው ጉዞ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። እኔ ብመረምር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አጎትህ ግን ነፃ አልወጡም። በበጋ ጉማራ በየቦታው በሞተር ይሳባል። ውኃው ሲጎድል ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ወደ ሐይቁ ሳይወርዱ የቀሩ የነጭ ዓሣ ጫጩቶች እዚያ ኩሬ ውስጥ ናቸው። መርጫው የሚሞላውም የሚታጠበውም እዚያው ኩሬ ዳር ነው። ትሪፕስ በሚባለው ጥቃቅን የሽንኩርት ተባይ ላይ ከሚረጩት አንዱ የሆነው ላምዳ-ሳይሃሎትሪን በቤተ ሙከራ ከትራውት ዓሦች ግማሾቹን የሚገድለው በሊትር 0.24 ማይክሮግራም ነው፤ በ96 ሰዓት ውስጥ። በሌላ አነጋገር አንድ ግራሙ ከ4 ሚሊዮን ሊትር በላይ ንጹሕ ውኃን እዚህ መጠን ላይ ያደርሳል። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ አብዛኛው ከጭቃው ጋር ስለሚጣበቅ ጉዳቱ ይቀንሳል። ግን የበጋ ኩሬ ብዙ ጊዜ የጠራ ነው። ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ቅልቅሉ ነው። ገበሬው «አንዱ ብቻውን አልሠራ አለኝ» ብሎ ፕሮፌኖፎስንና ላምዳን በአንድ መርጫ ይቀላቅላል። ፕሮፌኖፎስ ላምዳን በሰውነት ውስጥ የሚያፈርሱትን ኢንዛይሞች ያግዳል። ተባዩ ላይ የሚያከብደውን ዓሣው ላይም ያከብደዋል።

ለቆሮሶ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ቆሮሶ ወንዝ አይወጣም። የሚራባው ሐይቁ ዳር፣ ደንገልና ፊላ ባለበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ጫትና አትክልት እስከ ውኃው ጠርዝ በሚለማበት ዳርቻ ርጭቱ የሚያርፈው እነሱ ጓዳ ውስጥ ነው። የቆሮሶ ጫጩት ፆታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን ያህል ለሆርሞን ክፍት እንደሆነ ዓሣ አርቢዎች ያውቃሉ። ለሦስትና ለአራት ሳምንት ሜቲል-ቴስቶስትሮን የተቀላቀለበት መኖ ይሰጧቸዋል፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ወንድ ይሆናሉ። ሰው አውቆ ይህን ማድረግ ከቻለ፣ ሳያውቅ ሌላውን ማድረጉ የሚገርም አይደለም።

አባትህ ይቅር ይበሉኝና አሁን ተራው የእሳቸው ነው። የጣና ነጭ ዓሣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ሩብ መውረዱ ተጠንቷል። አጥኚዎቹ ዋና ምክንያት ያሉት ፀረ-ተባይን አይደለም። ዓሣው ሊጥል ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ በመረብ መጠረጉን ነው። እንቁላል የያዘችው ዓሣ ጉማራ አፍ ላይ በየዓመቱ ቀድማ ከተያዘች፣ መረብ ውስጥ የምትቀረው ያልደረሰችው ናት። «ነጭ ዓሣው እንቁላል መያዝ ተወ» የሚያሰኘው ይህም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ብርብራ አለ። ፍሬውን ወቅጠው ወንዝ ውስጥ የሚበትኑ ሰዎች ዛሬም አሉ። ብርብራ ውስጥ ያለው ሮቴኖን ዓሣው ኦክስጅኑን ወደ ጉልበት እንዳይለውጥ አድርጎ ይገድለዋል። የሆርሞን ጉዳይ አይደለም፤ ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይፈጃል። አጎትህ ወንዝ ላይ የተንሳፈፈ ዓሣ ካዩ መጀመሪያ ብርብራን ይጠርጥሩ።

ስለ መብላቱ ብዙ አትጨነቅ። የመከነ ዓሣ የበላ ሰው አይመክንም። ዛሬ በብዛት የሚረጩት እነ ማንኮዜብና ማላታይን በዓሣ ሥጋ ውስጥ አይጠራቀሙም። የሚጠራቀመው ዲዲቲና ወገኖቹ ናቸው፤ በሐዋሳና በቆቃ ሐይቅ ዓሦች ላይ ተለክተው ተገኝተዋል። የሚቀመጡት ስብ ውስጥ ነው፤ ሌላ ዓሣ የሚበላ ትልቅ ዓሣ ደግሞ የበለጠ ይሰበስባል። አልጌ የሚበላው ቆሮሶ ዝቅተኛው ነው። ጉበቱንና የሆድ ዕቃ ስቡን መጣል የምታገኘውን ይቀንሰዋል። ሞቶ የተንሳፈፈ ዓሣ ግን አትብሉ፣ አትሽጡም። ከዚህ ይልቅ እኔ የምጨነቀው ለአጎትህ ነው። ያለ ጓንት በእጃቸው የሚያማስሉ ከሆነ በአንድ ጠዋት የሚያገኛቸው ኬሚካል፣ አንተ በዓመት ዓሣ በልተህ ከምታገኘው ጋር አይወዳደርም።

ለእሳቸው የምለው ቀላል ነው። መርጫውን ወንዝ ዳር አይሙሉ፣ አይጠቡም፤ ውኃውን በጄሪካን ወደ ማሳው ይውሰዱ። ደመናው ዝናብ ሲያዝል አይርጩ። በማሳውና በወንዙ መካከል ሣሩንና ቁጥቋጦውን ይተዉት፤ አፈሩን የሚይዘው እሱ ነው። ሁለት መድኃኒት አይቀላቅሉ።

ክርክሩን በትክክል መፍታት ከፈለጋችሁ ግን ከዓሣው ይጀመራል። አባትህ ዓሣ ሲያፀዱ እንቁላሉን ለብቻው ይመዝኑልህ። የእንቁላሉን ክብደት ለዓሣው ክብደት አካፍለህ በመቶ አብዛ። ለምሳሌ 500 ግራም ዓሣ 40 ግራም እንቁላል ከያዘች 8 ነው። ቀኑን፣ ቦታውንና የዓሣውን ዓይነት ጻፍ፤ ወንዝ አፍ የተያዘውንና መሐል ሐይቅ የተያዘውን ለይ። ከርብና ከጉማራ አፍ የተያዙትን አንድ ላይ አትደምር። ወንዶቹንም ክፈት፤ ነጩ የዘር ከረጢት ውስጥ የእንቁላል ፍሬ ካየህ ያ ትልቅ ነገር ነው፣ አስቀምጠው። ሴሎቹን ራሳቸውን ለማየት ግን የገበያ ዓሣ አይሆንም። ዓሣው ከሞተ በኋላ በሙቀት ጥቂት ሰዓት ከቆየ የፒቱታሪ ሴሎች በራሳቸው ይፈርሳሉ፤ ከዚያ መድኃኒቱ ይሁን ፀሐዩ ያበላሻቸው አይለይም። ባሕር ዳር ያለውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ከሐምሌ በፊት አናግሩ፤ መረቡ ሲነሣ ፎርማሊን፣ ሴሎቹ እንዳይፈርሱ የሚያቆየውን ፈሳሽ፣ የያዘ ሰው ታንኳው አጠገብ መቆም አለበት።